መውጫ ያልተበጀለት ውሃ

መልካ ወረር አጠገብ፣ ከአዋሽ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰው ትቶት የሄደ የጥጥ ማሳ አለ። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው ከሩቅ ሲያየው አመዳይ የወረደበት ይመስለዋል። ግን ጊዜው ረፋድ ነው፤ ሙቀቱ ሠላሳ አምስት ዲግሪ አልፏል። ጠጋ ብለው ሲረግጡት ነጩ ቅርፊት ከጫማ ሥር ኩርሽም ይላል። ከቅርፊቱ በታች ያለው አፈር እንደ ተነፋ ዱቄት የላላ ነው፤ እግር ይሰምጥበታል። የድሮው ፈር መስመሩ አልጠፋም። በአንዱ ፈር ጫፍ አንዲት የጥጥ ተክል ቆማለች፤ ቁመቷ ከጉልበት አይዘልም፣ የቅጠሎቿ ዳር ተቃጥሏል፣ የቋጠረችው ፍሬ ሁለት ብቻ ነው። ቅርፊቱን ቆንጥሮ ምላሱ ጫፍ ላይ ላደረገው ሰው መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ቀጥሎ ይመራል።

አፋር ለጨው እንግዳ አይደለም። ከዳሎል ሜዳ የተቆረጠ አሞሌ በግመል ተጭኖ ወደ ደጋ ሲወጣ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል፤ አገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ የተገበያየበት ዘመንም ነበር። እዚያ ሀብት የሆነው ጨው እዚህ መሬት ገዳይ ሆኗል። መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው አቤሜሌክ ሴኬምን ካፈረሰ በኋላ ጨው እንደዘራባት ያስታውሳል፤ ለአንድ ከተማ ከዚያ የከፋ እርግማን አልነበረም። መልካ ወረር ላይ ግን በክፋት ጨው የዘራ ሰው የለም። ጨዉን ያመጣው ገበሬውም ከብቱም የሚጠጣው የአዋሽ ውሃ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት ከቤት መውጣት አያስፈልግም። ዓመት ሙሉ ውሃ የተፈላበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይይዛል። ውሃው በእንፋሎት ይሄዳል፤ ይዞት የመጣው ማዕድን ግን አብሮት አይተንም፣ ታች ይቀራል። በቆላ ያለ የመስኖ ማሳም እሳት ላይ እንደተጣደ ሰፊ ማንቆርቆሪያ ነው። በመካከለኛው አዋሽ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ፀሐዩና ነፋሱ ሊያተንኑት የሚችሉት ውሃ ግን ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ነው። እንግዲህ እናስላው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ግራም ጨው ብቻ አለ እንበል። ይህ ለሰው አፍ የማይታወቅ፣ ለመጠጥ የሚሆን ውሃ ነው። አንድ ሄክታር ጥጥ በአንድ ወቅት 10 ሺህ ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ቢጠጣ፣ ከውሃው ጋር 5 ቶን ጨው ማሳው ላይ ወረደ ማለት ነው። ሃምሳ ኩንታል! ከአንድ ሄክታር ሠላሳ ኩንታል ጥጥ ያነሳ ሰው ደህና አመረተ ይባላል። ከለቀመው የበዛ ጨው እንደተዘራበት ግን በዓይኑ አያየውም።

ይህ የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የሚመጣው ከታች ነው። ተክሉ ያልጠጣው ውሃ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከሚያፈሱ ቦዮች የሚሰርገውም ይጨመርበታል። ከዓመት ዓመት የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ከፍ ይላል። መልካ ወረር ባለበት በአሚባራ እርሻው ሲጀመር የከርሰ ምድር ውሃ ከአስር ሜትር በታች ነበር፤ ሃያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ በብዙ ቦታ ወደ ተክሉ ሥር አካባቢ ቀረበ። ከመሬት ወለል አንድና ሁለት ሜትር ሲቀረው አፈሩ ራሱ እንደ ኩራዝ ክር ይሆናል። ክሩ ጋዙን ከታች ስቦ ጫፉ ላይ እንደሚያነድደው፣ አፈሩም ጨዋማውን ውሃ ወደ ላይ ይስባል፤ ፀሐይዋ ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨዉ ላይ ይቀራል። ከዚህ በኋላ ማሳውን ውሃ ባያጠጡትም ከታች እየሳበ ጨው ማውጣቱን አይተውም።

መድኃኒቱ ከጥንትም የታወቀ ነው። መስኖ ሁለት ቦይ ይፈልጋል፤ አንዱ ውሃ የሚያስገባ፣ ሌላው የሚያወጣ። ጨዉን አጥቦ ለመሸኘት ከተክሉ ፍላጎት ጥቂት አስተርፎ ማጠጣት፣ የታጠበውን ደግሞ በማጠንፈፊያ ቦይ ወይም በተቀበረ ቧንቧ ከማሳው ማራቅ ያስፈልጋል። መሐንዲሶቹ ድሬኔጅ ይሉታል። ይህ ሁለተኛው ቦይ ወጪው ትልቅ ነው፤ ባይሠራም ለመጀመሪያዎቹ ስምንት ወይም አሥር ዓመታት ምርቱ አይጎድልም። ስለዚህ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው እሱ ነው። የመረቀውም ባለሥልጣን፣ የነደፈውም ኩባንያ፣ ያበደረውም ባንክ ከሄዱ በኋላ ነው ነጩ ቅርፊት ብቅ የሚለው። በዚያው በአሚባራ፣ መልካ ሰዲ ላይ ሙዝ ይለማ ነበር፤ ሙዝ ደግሞ ጨው ከማይችሉ ተክሎች አንዱ ነው። የተቀበሩ የማጠንፈፊያ ቧንቧዎች የመጡት ችግሩ ከታየ በኋላ ነው፤ ቧንቧ ደግሞ በደለል ይደፈናል፣ ፓምፕ ይበላሻል፣ ጠባቂ ይፈልጋል። ብዙ ሄክታር በዚህ መንገድ ከእጅ ወጣ።

በጤግሮስና በኤፍራጥስ መካከል የነበሩት ሱመሮች በዚሁ መንገድ አልፈዋል። በመጀመሪያ ስንዴና ገብስ እኩል ይዘሩ ነበር። ከሺህ የሚበልጡ ዓመታት በኋላ ስንዴው ከደቡቡ ክፍል ጨርሶ ጠፍቶ፣ ጨው የሚችለው ገብስ ብቻ ቀረ፤ የገብሱም ምርት አሽቆለቆለ። የሸክላ ጽላቶቻቸው ላይ የሰፈሩትን የእህል ሒሳቦች እ.ኤ.አ. በ1958 አሰባስበው ይህን ያሳዩት ቶርኪልድ ያኮብሰንና ሮበርት አዳምስ ናቸው። ሱመሮቹ የሺህ ዓመት ጊዜ ነበራቸው። በአዋሽ ግን ሠላሳ ዓመት በቃ።

ግን ጨዉ የሚያበላሸው ከእርሻ በኋላ ያለውን መሬት ነው። ከእርሻው በፊት መሬቱ ምን ነበር? እኔ የአዋሽን ታሪክ ሳነብ የሚያሳዝነኝ ይህ ጥያቄ በጊዜው በቁም ነገር አለመጠየቁ ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዝና ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ከጣሊያን በተከፈለ የጦር ካሳ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመረቀ፤ መብራት ከመስጠቱም በላይ የወንዙን ሙላት ገርቶ ታችኛውን ሸለቆ ለእርሻ አመቸ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ተንዳሆ ላይ የእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጥጥ ገባ፣ የመተሃራ ስኳርም ተከተለ። ሕጉም መንገዱን ጠርጎ ነበር፤ በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በሰው ስም ያልተያዘ መሬት፣ የግጦሹም ጭምር፣ የመንግሥት ነበር። ከብት አርቢ ደግሞ መሬት በስሙ አያስመዘግብም። ስለዚህ ካርታው ላይ ሸለቆው ባዶ ሆኖ ታየ።

ባዶ አልነበረም። አፋሩ በዝናብ ወራት ከብቱንና ግመሉን ይዞ ከወንዙ ይርቃል፤ እንደ አላይደጌ ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሣሩ ለምለም ነው፣ ኩሬውም ውሃ ይዟል፣ ወንዙ ዳር ደግሞ ወባና ትንኝ አለ። ዝናቡ ሲያልፍ ሜዳው ይደርቃል። ያኔ ሁሉም ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ ሙላቱ ተኝቶበት የተመለሰው መሬት ሣር አብቅሎ ይጠብቃልና። የሰው ዓይን ወንዙ ዳር ሲያማትር ለወራት ማንም አያይም። ባለቤቱ ግን ትቶት አልሄደም፤ ለክፉ ቀን ነው ያስቀመጠው።

በደጋ ልማድ ብናየው እንዲህ ነው። አንድ ገበሬ ሰፊ ማሳ አለው፤ ከማሳው ጥግ አንዲት ጎተራ አለችው። መጥተው «ማሳህን አልነካንብህም፤ የወሰድነው ጎተራዋን ብቻ ነው» ቢሉት ምን ይላል? በአዋሽ በመስኖ የተያዘው መሬት ጥቂት አሥር ሺዎች ሄክታር ነበር። ከተፋሰሱ 11 ሚሊዮን ሄክታር ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ግን የተወሰደው ጎተራው ነበር፤ ያለ እሱ የቀረው ሰፊ ሜዳ በበጋ ምንም አያደርግም።

ውጤቱ ለመታየት ብዙ አልቆየም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ ወደ ወንዙ የወረዱት መንጋዎች የጠበቃቸው ጥጥና ሸንኮራ፣ ቦይና ዘበኛ ነበር። ከብቱ አለቀ። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው በድህነትና በረሃብ ላይ በሚያተኩር መጽሐፉ የወሎን ረሃብ ሲተነትን አፋሮቹን ለብቻ ያነሳቸዋል። ድርቁ ብቻ አልነበረም የጎዳቸው፤ የበጋ ግጦሻቸው ለንግድ እርሻ መሄዱ ድርቁን መቋቋሚያ አሳጣቸው። ይህም ሳያንስ የከብት ዋጋ ወደቀ፣ የእህል ዋጋ ግን አልወደቀም፤ የከሳች ላም የሸጠ ሰው ይዞት የሚመለሰው እህል አንድ ወር የማያደርስ ሆነ። በሰው ልጅ ሞት የተከፈለውን ይህን ሒሳብ አንድም የጥጥ ኩባንያ በመዝገቡ አላሰፈረውም።

አርብቶ አደሩ ጥጥ አያውቅም ማለትም ስህተት ነው። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሐንፈሬ በታችኛው አዋሽ ራሳቸው ጥጥ ያስለሙ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ ግን ሱልጣኑ ከደርግ ጋር ተጋጭተው በዚያው ዓመት አገር ለቀው ወጡ፤ የኩባንያዎቹም እርሻ የአውሳውም የመንግሥት እርሻ ሆነ። መተሃራ ላይ ከረዩ ኦሮሞዎች ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷቸዋል፤ ወንዝ ዳራቸውን በአንድ ወገን ስኳሩ፣ በሌላ ወገን የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወሰዱት። ቀሪው ግጦሽ እየጠበበ ሲሄድ ጎረቤት ከጎረቤት፣ አፋር ከኢሳ፣ ከረዩ ከአርጎባና ከአፋር ጋር በውሃና በሣር ይጋጭ ጀመር። ቀድሞም ግጭት ነበር፤ ነገር ግን አንዱ ሲገፋ የሚሸሽበት ቦታ ይቀረው ነበር።

በማሳው ውስጥ የዋሉትም አሉ። ከከምባታና ከሐዲያ፣ ከወላይታ፣ ከወሎ የመጡ ሰዎች ናቸው ሸንኮራ የቆረጡት፣ ጥጥ የለቀሙት። ደጋ ያደገ ገላ ከወባ ጋር የተገናኘው በቦዩ ዳር ባለ ካምፕ ነው። ቀስ ብሎ የሚሄድ የቦይ ውሃ ቀንድ አውጣ ያረባል፤ ቀንድ አውጣዋ ደግሞ የቢልሃርዝያን ትል ትሸከማለች። ወንጂም መተሃራም በዚህ በሽታ ተጠቅተዋል። ወንጂ ላይ ሌላም ነገር ተጨመረ፤ ለሠራተኛው የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። በልጅነቱ የጠጣው ጥርሱ ቡናማ ሆነ። አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት የጠጣው የአንዳንዱ ሰው ወገብና አንገት ደረቀ፤ ለመዞር መላ ሰውነቱን የሚያዞር ጡረተኛ ያየ ሰው ስኳሩን ያወጣው ጉልበት ምን እንደተከፈለው ይገባዋል።

ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር በአውቶቡስ የሄደ ሁሉ በሰቃ ሐይቅን ያውቀዋል። ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በግራ በቀኝ፣ መሃል ላይ መንገዱ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስላል። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ በሰቃ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የምትሸፍን ኩሬ ነበረች። ዛሬ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናት። መንገዱንም ሐዲዱንም ከፍ ማድረግ ያስፈለገው በእሷ የተነሳ ነው። በአፍሪካ ሐይቆች ሲደርቁ እንሰማለን፤ ይቺ ግን ታድጋለች። ከመሬት በታች ያለው የስምጥ ሸለቆ እንቅስቃሴና ፍል ውሃው ድርሻ እንዳላቸው ተመራማሪዎች ያስረዳሉ፤ ከአባድርና ከመተሃራ እርሻዎች የሚሰርገው ትርፍ ውሃም እንዲሁ። በመስኖ የገባው ውሃ መውጫ ሲያጣ ዝቅ ያለውን ቦታ ይፈልጋል። ውሃዋ ጨዋማ ነው፣ ፍሎራይድም አለበት፤ ለከብትም ለሸንኮራም አይሆንም። እንዳትሰፋ ሲባል እየተለካ ወደ አዋሽ ይለቀቃል። አዋሽን ደግሞ ከታች ያለው ሰው ይጠጣዋል።

ስለ አንድ ዛፍም ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በደርግ ዘመን በመካከለኛው አዋሽ እርሻዎች ነፋስ እንዲከለክል፣ ጥላ እንዲሆን ፕሮሶፒስ የሚባል ዛፍ ተተከለ። አፋሮች ደርጊ ሃራ፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል፤ በሸለቆው ብዙ ሰው ወያኔ ይለዋል። ፍየልና ከብት ጣፋጩን ቆባ በልተው ዘሩን ከነሕይወቱ በየሄዱበት ይጥሉታል። ቆባውን ብቻ ሲበላ የከረመ ከብት ጥርሱ ይበላሻል፣ መንጋጋው ይጣመማል። እሾሁ የሰውን እግር ይመርዛል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ድርቅ አይፈራም፤ ጨውም አይፈራም። በጨው የተተወው ማሳ ለእሱ ነፃ መሬት ሆነ። ዛሬ በአፋር ክልል የወረረው ስፋት ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አንዳንድ የመንግሥት እርሻ መሬት ለአፋር ጎሳዎች ሲመለስ፣ የተመለሰው የተወሰደው ሣር አልነበረም። ግማሹ ነጭ ቅርፊት፣ ግማሹ እሾህ ነበር።

ይህ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ ትርፉ ምን ያህል ነበር? ተመራማሪዎቹ ሮይ ቤንኬና ካሮል ከርቨን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ጠይቀው ነበር። የአዋሽን አንድ ሄክታር በጥጥ፣ በሸንኮራና በከብት እርባታ የሚያስገኘውን ገቢ አስልተው ሲያወዳድሩ፣ እርባታው ከሁለቱ የማያንስ፣ ብዙ ጊዜም የሚበልጥ ሆኖ አገኙት፤ ያውም የጨዉን ኪሳራ ሳያስከትል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ አያምንም። ለምለም ሸንኮራ በዓይን ይታያል፣ ፋብሪካው ጭስ ያወጣል፣ ሚኒስትር ይጎበኘዋል። ከብቱ ግን ሲሄድ ነው የሚታየው፤ ወተቱ ቤት ውስጥ ይጠጣል፣ ሥጋው በሩቅ ገበያ ይሸጣል፣ የሚቆጥረው የለም።

እኔ መስኖ ይቅር አልልም። ሕዝቡ በዝቷል፣ ዝናቡ አይታመንም፣ አገር ስኳርና ስንዴ ያስፈልጋታል። ግን ተንዳሆን ማሰብ ይገባል። 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ግድብ ተሠራ፤ ከ50 ሺህ ሄክታር በላይ ሸንኮራ እንደሚለማበት ተነገረ። የለማው ግን ከእቅዱ እጅግ አንሶ ቀረ፤ የታችኛው አዋሽ ሰው ደግሞ የሙላቱን ሣር አስቀድሞ አጥቶ ነበር። አሁን ደግሞ በዚያው በአሚባራ ለቆላ ሙቀት የተመረጡ የስንዴ ዝርያዎች በበጋ መስኖ ይዘራሉ። ወረር ላይ ማሳው አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ ልብ ደስ ይላል። ቢሆንም እንዲህ ያለ ማሳ ላይ የቆመ ሰው ውሃው በየት እንደገባ ካየ በኋላ ዞር ብሎ በየት እንደሚወጣ ቢፈልግ መልካም ነው። ውሃው በመጣበት በኩል አንድ ትልቅ ቦይ ያገኛል። በሌላው ጫፍ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ረግረግ ነው፣ ወይም ሣር የበቀለበት ጉድጓድ።

ማጠንፈፊያ ቢኖርም ጨዉ ከማሳው ይወጣል እንጂ ከሸለቆው አይወጣም። ወደ አዋሽ ይመለሳል። ከአዲስ አበባ በአቃቂ በኩል የወረደው ቆሻሻ፣ ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች የወጣው፣ ከበሰቃ የተለቀቀው፣ ከማሳው የታጠበው ሁሉ አንድ ላይ ሆኖ ዱብቲንና አሳይታን ያልፋል። ወንዙም በየመንገዱ እየተቀዳ አንሶ ነው የሚደርሰው።

መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው። ሐይቁ ዳር የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ አንዳንዱ ወደ ሃምሳ ሜትር የሚጠጋ ቁመት አለው፣ ከጫፉ እንፋሎት ይወጣል። ምሰሶዎቹ የተሠሩት ውሃ ውስጥ ነው፤ ከሥር የሚፈልቀው ፍል ውሃ ከሐይቁ ጋር ሲገናኝ ኖራው እየተጋገረ። ዛሬ ሰው በመካከላቸው በእግሩ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት አንድ የአፋር ልጅ ፍየሎቹን እየነዳ በምሰሶዎቹ ሥር ይሄዳል፣ ነጩ ቅርፊት ከፍየሎቹ ሰኮና ሥር ኩርሽም ኩርሽም ይላል፣ ውሃው ከፊቱ ሩቅ ነው።